ክረምት ያቆረው ውሃና በውስጡ የሚኖሩት ፍጥረታት

ክረምት በገባ ቍጥር በአገራችንም ሆነ በሌሎች የሞቃት አየር አገሮች ምድሪቱ በትንንሽ ኩሬ ትሞላለች። ከብት የረገጠው ጭቃ፣ ጋሪና መኪና የሄደበት ፈለግ፣ ለቤት ምርጊትና ለጡብ ሥራ አፈር የተቆፈረበት ጕድጓድ፣ በቋጥኝ ራስ ላይ የሚገኝ ስርጉድ ስፍራ፣ ይህ ሁሉ ዝናሙን ተቀብሎ ያቁራል። ይህ ውሃ ምንጭ የለውም፤ ወደ ወንዝም አይወርድም፤ ከሰማይ መጥቶ ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ከቆየ በኋላ ፀሐይ ሲበረታበት ይደርቃል። መንገደኛውም ጫማው እንዳይበላሽ ዘሎት ያልፋል እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ ጐንበስ ብሎ የሚመለከተው እምብዛም አይገኝም።

ጐንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው ግን ከአንዲት የላም ኮቴ ዱካ በማትበልጥ ውሃ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፍጥረት ሲወለድ፣ ሲያድግና እርስ በርሱ ሲበላላ ያያል። እነዚህ ፍጥረታት የጀርባ አጥንት የሌላቸው ናቸው፤ ከነፍሳት ወገን፣ ከሸርጣን ወገን፣ ከቀንድ አውጣ ወገን የሆኑ አሉባቸው። አብዛኞቹ ለሰው ምንም ጉዳት የላቸውም። ጥቂቶቹ ግን በአንድ ዓመት ብዙ ሺሕ ቤት ሊዘጉ የሚችሉ ናቸው።

ስለ ቆመ ውሃ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ «አፍስሱት፣ ድፈኑት» በሚል አጭር ቃል ይነገራል። ምክሩ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ አብሮ ስለማይነገር፣ ሕዝቡ ሰፊውንና አረንጓዴ የለበሰውን ኩሬ እየፈራ፣ ትንሹንና ትናንት ዝናም የጣለውን ጥሩ ውሃ ሲንቅ እናያለን። እኛ ግን ስለ አንድ የቆመ ውሃ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ነገር ስፋቱ ወይም ሽታው ሳይሆን ዕድሜው ነው እንላለን። ውሃው ካቆረ ስንት ቀን ሆነው? ስንት ቀንስ ይቆያል? የዚህን ጥያቄ መልስ ያወቀ ሰው በዚያ ውሃ ውስጥ ማን እንደሚኖር፣ ማንስ ገና እንዳልደረሰ ለማወቅ ይችላል።

ነገሩ እንዲገባን ራሳችንን በእነዚያ ፍጥረታት ስፍራ አድርገን እናስብ። ጊዜያዊ ኩሬ ለሚኖርበት ሁሉ አንድ ትልቅ ጸጋና አንድ ትልቅ ፍርሃት አለው። ጸጋው ዓሣ አለመኖሩ ነው፤ ዓሣ በሌለበት ውሃ ትንንሾቹ ፍጥረታት ያለ ሥጋት ይበዛሉ። ፍርሃቱ ግን ውሃው ማለቁ ነው። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ኩሬ ለመኖር የሚቻለው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ውሃው ሲደርቅ በዚያው በጭቃው ውስጥ ሆኖ የሚመጣውን ዝናም መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው፣ ከሌላ ስፍራ በርሮ መጥቶ፣ ቶሎ ወልዶ፣ ልጆቹ ውሃው ሳይደርቅ ክንፍ አውጥተው እንዲሄዱ ማድረግ ነው።

ከሚጠብቁት እንጀምር። ከእነርሱ መካከል ያማረ ገጽ ያለው፣ የሸርጣን የሩቅ ዘመድ የሆነ፣ እንደ መስተዋት ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ትንሽ የውሃ ፍጥረት ነው። ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በጀርባው ተንጋሎ እየዋኘ ዐሥራ አንድ ጥንድ እግሮቹን እንደ መቅዘፊያ ያወናጭፋል። በእነዚያው እግሮች ይሄዳል፤ በእነርሱው ምግቡን ከውሃው ያጠልላል። እንስቲቱ እንቁላሏን በሆዷ ሥር ባለ ከረጢት ትሸከምና ትጥለዋለች። እንቁላሉም እጅግ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ኩሬው ደርቆ ጭቃው እስኪሰነጣጠቅ፣ ከዚያም አቧራ ሆኖ ነፋስ እስኪያነሣው ድረስ አይሞትም። ለብዙ ዓመት በደረቅ ቆይቶ፣ ውሃ በነካው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። በነፋስ፣ በወፍ እግርና በከብት ኮቴ ላይ በተጣበቀ ጭቃ ከኩሬ ወደ ኩሬ የሚሻገረውም በዚህ ዓይነት ነው። ሕዝቡ «ዓሣ ከሰማይ ዘነመ» ሲል የምንሰማው ወሬ አንዳንዱ ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደነቅ ነገር አለ። ዝናም ሲመጣ እንቁላሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይፈለፈልም። ከፊሉ ይፈለፈላል፤ የቀረው እንደ ተኛ ይቆያል፤ በሁለተኛው ዝናም ደግሞ ሌላ ጥቂት ይወጣል። አስተዋይ ገበሬ በመጀመሪያው ዝናም ተታሎ ጎተራውን ሁሉ እንደማይዘራ ነው። ዝናሙ ቢቋረጥና ኩሬው በሦስተኛው ቀን ቢደርቅ የተፈለፈሉት ያልቃሉ፤ ዘራቸው ግን አይጠፋም።

ከዚሁ ወገን ጋሻ የመሰለ ቅርፊት በጀርባው ያዘለ፣ ጭራው ሁለት ክር የሆነ፣ ትሪዮፕስ የሚባል ፍጥረት አለ። ስሙ በግሪክ ቋንቋ «ባለ ሦስት ዐይን» ማለት ነው። የዚህን ፍጥረት ወገኖች የሚመስሉ ቅርጾች ከሁለት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው ድንጋይ ውስጥ ታትመው ተገኝተዋል። ይህን ያህል ዘመን መልኩን ሳይለውጥ የኖረ እንስሳ፣ ከተፈለፈለ በኋላ ያለው ዕድሜ ግን ጥቂት ሳምንት ነው። የትንኝ እጭ ካገኘ ይበላልና በእኛ በኩል እንደ ወዳጅ ልንቈጥረው ይገባናል።

እንቁላሉ ሳይሆን ራሱ ሰውነቱ ደርቆ የሚጠብቅም አለ። በሰሜን ናይጄሪያና በኡጋንዳ፣ ፀሐይ በሚያነድዳቸው የቋጥኝ ኩሬዎች ውስጥ፣ ትንኝ የምትመስል ነገር ግን ሰው የማትነክስ አንዲት በራሪ እንቁላሏን ትጥላለች። ይህችን ፍጥረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ሃዋርድ ሂንተን የተባለ የነፍሳት ሊቅ ነው። እጩ በኩሬው ግርጌ ከጭቃ የተሠራች ቤት አለችው። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ እጩም ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ከሰውነቱም ውሃ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ይቀራል። ሲያዩት እንደ ደረቀ የእህል ገለባ ነው። አይበላም፤ አይተነፍስም፤ ሕይወት አለው የሚያሰኝ ምልክት አይታይበትም። ዝናም በመጣ ጊዜ ግን በአንድ ሰዓት ያህል ውስጥ ተንቀሳቅሶ መብላት ይጀምራል። ሂንተን በ1960 እንደ ገለጸው፣ እንዲህ የደረቁትን እጮች ለአንድ ደቂቃ ያህል ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት፣ እንዲሁም ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ፈትኗቸው፣ ውሃ ሲሰጣቸው ነቅተዋል። ዐሥራ ሰባት ዓመት ደርቀው ከቆዩ በኋላ የነቁም አሉ።

ምሥጢሩ የተገለጠው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እጩ መድረቅ ሲጀምር ትሬሃሎስ የሚባል የስኳር ዓይነት በሰውነቱ ውስጥ በብዛት ይሠራል፤ ይህም ስኳር በውሃው ስፍራ ተተክቶ ረቂቁን የሰውነት ሥራ እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። ለዚህም ሁለት ቀን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በድንገት ካደረቁት ይሞታል። የጃፓን ሊቃውንት ይህን ሥራ በብርቱ ያጠኑት፣ ያለ ማቀዝቀዣ በደረቅ ሊቆዩ የሚችሉ ሕዋሳትንና መድኃኒቶችን ለማግኘት ተስፋ በማድረግ ነው። የማቀዝቀዣ ጉድለት ክትባትን ምን ያህል እንደሚያበላሽ የሚያውቅ የጤና ሠራተኛ የዚህን ትል ስኳር እንደ ተራ ወሬ አይሰማውም።

አሁን ደግሞ በርረው ወደሚመጡት እንለፍ፤ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው ጕዳይ ያለው ከእነርሱ ዘንድ ነውና።

አዲስ ውሃ ባቆረ ጊዜ ቀድመው ከሚደርሱት አንዷ የወባ ትንኝ ናት። በአገራችን ወባን በብዛት የምታስተላልፈው ዓይነት፣ ሊቃውንት አኖፊለስ አራቢየንሲስ የሚሏት፣ ሰፊ ሐይቅ ወይም ጥላ ያለው ረግረግ አትመርጥም። የምትመርጠው ትንሽ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሣር ያልሸፈነውና ፀሐይ የሚያገኘው አዲስ ውሃ ነው። የኮቴ ዱካ፣ የጎማ ፈለግ፣ ጭቃ የተቆፈረበት ጕድጓድ ለእርስዋ የተዘጋጀ ቤት ነው። በአንድ ጊዜ ከ50 እስከ 200 የሚደርስ እንቁላል በውሃው ፊት ላይ አንድ በአንድ ትጥላለች፤ እያንዳንዱም እንቁላል በግራና በቀኙ አየር የያዘ መንሳፈፊያ ስላለው አይሰጥምም። ከዚያ በኋላ ያለው እሽቅድምድም ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ቀን በፀሐይ ከአየሩ ይልቅ ስለሚሞቅ እጩ ቶሎ ያድጋል። በቆላ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ እንቁላሉ ክንፍ ያላት ትንኝ ሆኖ ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ባለ ወይና ደጋ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል።

እጩን ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። የወባ ትንኝ እጭ በውሃው ፊት ላይ እንደ ተጋደመ እንጨት ጋለል ብሎ ይተኛል፤ ሌሊት በጆሮአችን የምትጮኸው የሌላይቱ ቢምቢ እጭ ግን ጭራውን ወደ ላይ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ይንጠለጠላል። ይህን ልዩነት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ አንድ ጊዜ ካሳዩት አይስተውም።

በወባና በትንኝ መካከል ያለው ግንኙነት የታወቀው ብዙ ዘመን ሳይሆነው ነው። ሮናልድ ሮስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር የወባን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው ከዐድዋ ድል በኋላ ባለው ዓመት፣ በነሐሴ 1889 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ አስቀድሞ በአገራችን ሰዎች ንዳድን ሸሽተው በደጋ ይሰፍሩ የነበሩት በልማድ ባገኙት እውቀት ነው፤ ያም እውቀት ትክክለኛ ነበር። ትንኟ በብርድ አገር ልጆቿን ውሃው ሳይደርቅ ለማድረስ፣ ተሐዋሲውም በሆድዋ ውስጥ ለመብሰል ጊዜ አይበቃውምና።

ይሁን እንጂ ደጋው ሁልጊዜ መጠጊያ አይሆንም። ከሰኔ 1950 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን የተነሣውን የወባ ወረርሽኝ ሽማግሌዎች ሲያወሱት ኖረዋል። በዚያ ዓመት ዝናሙም ሙቀቱም ከልማዱ በላይ ሆነ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ወባን ብዙም የማያውቀው አገር በኩሬ ተሞላ፤ ኩሬውም ሞቀ። ሕዝቡ በሽታውን ስላልለመደ ሰውነቱ ሊከላከለው አልቻለም። በዚያ ጊዜ የተደረገው ጥናት እንደ ገመተው ሦስት ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ። ብዙው እህል የሚሰበስበው አጥቶ በማሳው ቀረ። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 የተቋቋመው ከዚህ መከራ በኋላ ነው።

ወረርሽኙ የበረታው ዝናሙ በሚጥልበት በሐምሌ ሳይሆን ዝናሙ ካባራ በኋላ መሆኑን እናስተውል። ብርቱ ዝናም ትንንሹን ኩሬ እያጥለቀለቀ እጩን ጠርጎ ይወስደዋል። መስከረም ሲጠባ ግን ጎርፍ ይቆማል፤ ሰማዩ ይጠራል፤ ኩሬው በየስፍራው ጸጥ ብሎ ፀሐይ ይሞቃል። የወንዙም ውሃ ሲጎድል በዳርና ዳር ባለው አሸዋ ላይ ትንንሽ ውሃ እየተወ ይሸሻል። አደይ አበባ በሚፈነዳበት፣ ልጆች በመስክ በሚጫወቱበት በዚያው ወራት ትንኟም ትበዛለች፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ በአገራችን ዋናው የወባ ወራት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ገበሬውን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የትንኝ እጭ በውሃው ፊት ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር እየለቀመ ይበላል። ከእነዚህም ምግቦች መካከል የበቆሎ አበባ ብናኝ አንዱ ነው። በኢትዮጵያ በተደረገው ምርምር የበቆሎ ብናኝ ያገኙ እጮች ካላገኙት ይልቅ ብዙዎቹ ሳይሞቱ እንደሚያድጉ፣ ቶሎም እንደሚደርሱ ታውቋል። በጎጃም በቡሬ አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናትም በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች ወባ በጥቂቱ ከሚዘራባቸው ይልቅ እጅግ የበዛ መሆኑን አሳይቷል። በቆሎ አትዝሩ የምንል አይደለንም። ነገር ግን አንድ ሰው ጓሮው ውስጥ በቆሎ ዘርቶ፣ በበቆሎው ሥር ለቤት ምርጊት ጭቃ ቆፍሮ ጕድጓዱን ክፍት ቢተወው፣ ለትንኝ ቤትና ቀለብ አንድ ላይ አዘጋጀላት ማለት ነው። ጕድጓዱ ከቤት ራቅ ቢል ወይም ምርጊቱ ሲያልቅ ቢደፈን ድካሙ የአንድ ቀን ነው።

ከትንኟ ኋላ ጠላቶቿ ይመጣሉ። የውሃ ጢንዚዛ ይመጣል፤ በጀርባው ተንጋሎ የሚዋኝና አፉ እንደ መርፌ የሆነ ነፍሳት ይመጣል፤ በኩሬ ላይ እያንዣበበ የሚበረው ባለ አራት ስስ ክንፍ በራሪም እንቁላሉን ይጥላል፤ ከእርሱም የሚወጣው ልጅ በውሃው ግርጌ አድፍጦ ያገኘውን ሁሉ የሚነጥቅ ነው። እነዚህ ሁሉ እጭ ይበላሉ። ነገር ግን ከትንኟ ይልቅ ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ለማደግም ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ብዙ ሳምንት የቆየው ኩሬ ጠባቂ አለው፤ የአምስት ቀን ኩሬ ግን ጠባቂ የለውም። አንዳንድ የትንኝ ዓይነቶች ይህን ራሳቸው ያውቃሉ። በእስራኤል በረሃ ባሉ የቋጥኝ ኩሬዎች በተደረገው ምርምር፣ እንስቲቱ ትንኝ በጀርባው የሚዋኘው ጠላቷ ያለበትን ውሃ በሽታው ለይታ ሸሽታ፣ እርሱ በሌለበት ውሃ እንቁላሏን እንደምትጥል ተረጋግጧል።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው አይወደው ይሆናል። የቆየ ኩሬ ያገኘ ሁሉ ያገኘውን መርዝ ቢያፈስበት፣ ከእጩ ጋር ጠባቂዎቹንም ይገድላል። መርዙ ሲያልቅ ቀድማ የምትመለሰው ትንኟ ናት፤ ጠባቂዎቹ እስኪመለሱ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ያ ሰው አሮጌውን ኩሬ አዲስ አደረገው ማለት ነው። መርዝ በባለሙያ ምክርና በልክ የሚደረግ ነገር እንጂ በየጓሮው በቆርቆሮ የሚደፋ አይደለም።

ይህን ስንል የቆየ ኩሬ ንጹሕ ነው ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢዎቻችን ይረዱልን። የቆየ ኩሬ ሌላ አደጋ አለው፤ አደጋውም በመጠጣትና በመታጠብ ይመጣል። በኩሬ ውሃ ውስጥ ሳይክሎፕስ የሚባል አንድ ዐይና ደቃቅ ፍጥረት አለ። ርዝመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ውሃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ለሚያየው ሰው እንደ ነጭ ነጥብ ሆኖ ሲዘል ይታያል። የጊኒ ትል ያለበት ሰው ቍስሉን በኩሬ ውስጥ ቢነክር ትሏ ልጆቿን በውሃው ትረጫለች፤ ሳይክሎፕስም ይበላቸዋል። ያን ውሃ ሳያጠልል የጠጣ ሰው፣ ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ እስከ አንድ ሜትር የምትረዝም ትል ከእግሩ ቆዳ እየበሳች ስትወጣ ያያል። ይህን ነገር በመጀመሪያ የገለጠው ፌድቼንኮ የተባለ ሩስያዊ ሊቅ ሲሆን፣ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1870 ነበር።

እዚህም ላይ የውሃው ዕድሜ ይፈርዳል። በጋው እየበረታ ኩሬው እየጠበበ በሄደ ጊዜ፣ በሰፊው ውሃ ተበትነው የነበሩት ሳይክሎፕሶች በጥቂቱ ውሃ ይታጨቃሉ፤ ሰውም ሌላ ውሃ ስለሚያጣ ከዚያው ይቀዳል። አንድ ጣሳ ውሃ በጥቅምት ከያዘው ይልቅ በየካቲት ብዙ ይዞ ይገኛል። ለዚህ በሽታ ክትባትም ማዳኛ መድኃኒትም የለውም። ይሁን እንጂ በ1986 በዓለም ላይ በየዓመቱ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይይዝ የነበረው በሽታ፣ ከ2020 ወዲህ በዓመት ከሠላሳ ሰው በታች ሆኗል። ይህ የተገኘው በአብዛኛው በጥሩ ጨርቅ ውሃን በማጥለል፣ የታመመውን ሰው ከኩሬ በመከልከልና ሕዝቡን በማስተማር ነው። በአገራችን በሽታው በቅርብ ዓመታት የታየው በጋምቤላ ሲሆን፣ በዚያም በውሻና በዝንጀሮ ላይ መገኘቱ ሥራውን አክብዶታል።

ቀንድ አውጣም በጭቃ ውስጥ ከሚጠብቁት ወገን ነው። በአዋሽ ሸለቆ ቆላና በመሳሰለው ስፍራ የሽንት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች፣ ኩሬው ሲደርቅ ወደ ቅርፊታቸው ገብተው በጭቃው ተቀብረው ወራት ያሳልፋሉ። ስለዚህ «ኩሬው በጋውን ደርቆ ነበርና ነጽቷል» ብሎ ልጆችን በአዲሱ ውሃ ማዋኘት ስሕተት ነው። ቀንድ አውጣን በሚመለከት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ያስተዋሉት ነገር ሊዘነጋ አይገባም፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከማጠቢያው በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። እናቶቻችን ለንጽሕና የያዙት ቅጠልና ፍሬ ለሌላም ጥቅም የሚሆን ነበር።

ኩሬ ሁሉ በመሬት ላይ ብቻ አይደለም። የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ብብት ውስጥ ዝናም ይጠራቀማል፤ ውሃውም አንድ ስኒ የማይሞላ ሊሆን ይችላል። በዚያ ውስጥ ከወባ ትንኝ የተለየች፣ ሰውነቷ ነጭ ዝንጕርጕር ያለባት ትንኝ ትራባለች። የዚህች ወገን እንቁላል ለብዙ ወራት ደርቆ ሊቆይ ይችላልና ውሃው በየጊዜው ቢደርቅ አይገዳትም። ከ1960 እስከ 1962 በአውሮፓ አቆጣጠር በኦሞና በዲዴሳ ሸለቆዎች አካባቢ የተነሣውና 30,000 ያህል ሰው የገደለው ቢጫ ወባ ከሰው ወደ ሰው የተላለፈው በብዛት በእርስዋ ነው። በነገራችን ላይ ስሙ «ቢጫ ወባ» ቢባልም ከወባ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የወባ መድኃኒትም አይረዳውም። መከላከያው ክትባት ነው። እንሰቱን ለመቍረጥ የሚያስብ ቢኖር፣ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚመግብ ተክል መሆኑን እናስታውሰዋለን።

የከተማ ነዋሪ አንባቢዎቻችን «ይህ ሁሉ የገጠር ነገር ነው» ብለው እንዳይደላደሉ አንድ ነገር እንጨምር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ የወባ ትንኝ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ የኮቴ ዱካ አትፈልግም። የውሃ በርሜል፣ ክዳን የሌለው የቤት ማጠራቀሚያና ለሕንፃ ሥራ ውሃ የተያዘበት ጕድጓድ ይበቃታል። በቧንቧ እጥረት ምክንያት ውሃ የምናጠራቅም ሁሉ በግቢያችን ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ ጠባቂም የሌለው ኩሬ ሠርተናል።

ከኩሬ መከራ ብቻ አይወጣም። በ1976 ፕሮፌሰር ዮኤል ማርጋሊት በእስራኤል በነጌብ በረሃ፣ እየደረቀ በነበረ አንድ ትንሽ ኩሬ ውስጥ የትንኝ እጮች በብዛት ሞተው አዩ። ከዚያ ጭቃና ውሃ ወስደው ሲመረምሩ፣ እጩን የሚገድል አንድ ረቂቅ ባክቴሪያ ተገኘ። ዛሬ በአጭሩ ቢ.ቲ.አይ. ተብሎ በብዙ አገር በውሃ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ከእርሱ የተገኘ ነው። እጩ ባክቴሪያው የሠራውን መርዝ ከምግቡ ጋር ሲውጠው ሆድ ዕቃው ይበጣጠሳል፤ ለጢንዚዛው፣ በጀርባው ለሚዋኘውና ለሰው ግን ጉዳት የለውም። ጠባቂውን ሳይነካ ሌባውን ብቻ የሚይዝ መድኃኒት በአንድ የተናቀ ኩሬ ውስጥ መገኘቱ እኛን በጣም አስደስቶናል።

እንግዲህ በቤታችንና በትምህርት ቤታችን አካባቢ ምን እናድርግ? ትንኟ ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር ቢያንስ አንድ ሳምንት ያስፈልጋታል ብለናል። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ የተወሰነ ቀን መርጦ ግቢውን መዞር ይበቃል። የኮቴውንና የጎማውን ፈለግ በአካፋ መድፈን፣ የጭቃ ጕድጓዱን ወደ ዝቅተኛ ስፍራ በቦይ ማፍሰስ፣ በርሜሉን አጽድቶ እስከ ጠርዙ መክደን፣ አሮጌ ጎማና ጣሳ መድፋት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚደረግ ዘመቻ ምንም ብርቱ ቢሆን ትንኟ ከበረረች ወዲያ የሚደረግ ነው። በተለይ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ኅዳር ማለቂያ ይህ ሥራ ሊቋረጥ አይገባም።

ለመምህራን ደግሞ ወጪ የማይጠይቅ አንድ ማሳያ እናቀርባለን። በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ክረምቱን ውሃ አቁሮ ከነበረና አሁን ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ስፍራ ሁለት እፍኝ አፈር ተማሪዎች ያምጡ። አፈሩን በሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ከፍታ አድርጎ የዝናም ውሃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ቀስ ብሎ መጨመር፣ ከዚያም አፉን በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ በውስጡ ያለው ክሎሪን እንዲወጣ አንድ ቀን በክፍት ዕቃ ፀሐይ ላይ ይዋል። ሻሹ እንዳይረሳ፤ በደረቅ አፈር ውስጥ የትንኝ እንቁላል ሊኖር ይችላልና። ብርጭቆውን ብርሃን በሚያገኝ መስኮት አጠገብ አስቀምጦ በአጉሊ መነጽር በየቀኑ መመልከት፣ ያዩትንም ከቀኑ ጋር በደብተር መጻፍ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነጥብ የሚያህሉ ነገሮች ውሃውን እየቀዘፉ ሲሄዱ ይታያሉ።

በስድስተኛው ቀን ጋለል ብሎ የተኛ ወይም የተንጠለጠለ እጭ ከታየ፣ ውሃውን ከቤትና ከቦይ በራቀ ደረቅ መሬት ላይ በፀሐይ ማፍሰስና እጅን በሳሙና መታጠብ ይገባል። እጭ ካልታየ ግን ውሃው በራሱ ጊዜ ተንኖ እስኪያልቅ ይተው። አፈሩንም አድርቆ፣ በወረቀት ጠቅልሎና ዓመተ ምሕረቱን ጽፎ በሳጥን ማኖር ነው። በሚመጣው ዓመት ሌሎች ተማሪዎች ያንኑ አፈር ውሃ ሲጨምሩበት፣ ባለፈው ዓመት ሳይፈለፈሉ ከቀሩት እንቁላሎች ጥቂቶቹ ሊወጡ ይችላሉ።